«እውነት ነው ወይ?»፦ የተከታታይ ምናባዊ ልብ ወለድ አንባቢዎች ክርክርና ጥቆማ ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ሲታይ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ የአማርኛ ምናባዊ ልብ ወለድ አንባቢዎች ስለሚወዷቸው ተከታታይ መጻሕፍት ሲከራከሩና አንዱ ለሌላው ሲጠቁም የሚነሣውን «እውነት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመረምራል። ለመነሻነት የተወሰዱት የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» እና «ራማቶሓራ» እንዲሁም የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» እና እርሱን የተከተሉት «ዝጎራ» እና «መርበብት» ናቸው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ጥያቄው ካለማወቅ የሚመነጭ የዋህ ንባብ ሳይሆን አንባቢ በፈጠራውና በሚያውቀው አገር መካከል ያለውን ስፌት የሚለካበት የሒስ መሣሪያ ነው የሚል ነው። ጥያቄው ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ሲነሣ ደግሞ «የማን እውነት ነው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ያስከትላል። ጽሑፉ የመስክ መረጃ ሪፖርት አይደለም፤ በአካባቢው የንባብ ጥናት ለሚያካሂዱ ተመራማሪዎች የንድፈ ሐሳብ መነሻ ለማቅረብ የታሰበ ነው።

መግቢያ

አንባቢ የወደደውን ልብ ወለድ ከጨረሰ በኋላ ሁለት ነገሮችን ያደርጋል፤ ይከራከርበታል፣ ለሌላ ሰውም ያስተላልፈዋል። ሁለቱም ድርጊቶች ግምገማ ናቸው። ሰው «ይህን መጽሐፍ አንብበው» ሲል የመጽሐፉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚያነበውን ሰው ፍላጎት ጭምር መዝኖ ነው። ይሁን እንጂ የአማርኛ ልብ ወለድ ጥናት ትኩረቱን ያደረገው በአብዛኛው በደራሲው፣ በጭብጡና በአጻጻፍ ስልቱ ላይ ነው። አንባቢው ስለ መጽሐፉ የሚናገረው ነገር ለጥናቱ ማድመቂያ እንጂ ራሱን የቻለ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ አይታይም።

በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሞከረው ቀደም ብሎ ነው። ስታንሊ ፊሽ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ ትርጉም የሚገኘው በጽሑፉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን የንባብ ልማድን በጋራ በያዘ ማኅበረሰብ ዘንድ እንደሆነ ተከራክሯል። ጃኒስ ራድዌይ እ.ኤ.አ. በ1984 የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ሴቶችን ስታጠና የጥናቷ ማዕከል ያደረገችው አንዲት የመጽሐፍ መደብር ሠራተኛን ነበር፤ ሴቶቹ የሚያነቡትን የሚመርጡት በእርሷ ጥቆማ ነበርና። ሄንሪ ጄንኪንስም እ.ኤ.አ. በ1992 የአንድን ድርሰት አፍቃሪዎች ድርሰቱን ለራሳቸው ዓላማ መልሰው የሚሠሩ ንቁ አካላት አድርጎ አሳይቷል። እነዚህ ሥራዎች በጋራ የሚያስተምሩት የጠቋሚውና የተከራካሪው ንግግር ሊጠና የሚገባው የሥነ ጽሑፍ ማስረጃ መሆኑን ነው።

የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ወልዲያ፣ ከእርሷ በስተ ደቡብ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ፣ እንዲሁም በዙሪያዋ ያሉት የሀብሩ ቀበሌዎች ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ተስማሚ የሚሆኑበት ምክንያት አለ። አካባቢው የክርስትናም የእስልምናም ረጅም የጽሕፈትና የቃል ትውፊት ያለበት ነው። ድንቅ ነገር የሚተረክባቸው ቦታዎችም በሩቅ ሳይሆኑ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ያለ አንባቢ በልብ ወለድ የሚቀርብለትን ምሥጢራዊ አገር በዓይኑ ከሚያውቀው አገር ጋር የማነጻጸር ዕድል አለው።

የስያሜው ሥር፦ ልብ ወለድ እና ታሪክ

የጥያቄው ሥር በስያሜው ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ሲታተም የተሰጠው ርእስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር፤ «ጦቢያ» የሚለው ስም የጸናው ኋላ ነው። ርእሱ ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። «ልብ ወለድ» ነገሩ ከልብ የተወለደ፣ የታሰበ መሆኑን ይናገራል፤ «ታሪክ» ደግሞ ሆነ ተብሎ የሚተረክ ነገርን ያመለክታል። ድርሰቱም ራሱ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ልጅ፣ ምርኮ፣ መለያየትና ያልታሰበ መገናኘት የሞላበት ነው። እንግዲህ የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲነሣ ድንቅን ነገር ከታሪክ ጋር አጣምሮ የያዘ ነበር ማለት ይቻላል።

ከልብ ወለድ በፊት የነበሩት የትረካ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው ከአድማጫቸው ጋር የታወቀ ውል ነበራቸው። በተረት ጅብ ሲናገርና ዝንጀሮ ሲፈርድ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ተራኪውም አድማጩም ነገሩ ለመዝናኛና ለምክር እንደሆነ ያውቃሉ። በክርስቲያኑ ዘንድ የቅዱሳን ተአምር፣ በሙስሊሙ ዘንድ የወልዮች ከራማ ሲነገር እውነትነቱ የሚጸናው በእምነት ነው። ታሪክ ሲነገር ደግሞ እውነትነቱ የሚመዘነው በምስክርና በሰነድ ነው። ዛሬ በአማርኛ ምናባዊ ሊባል የሚችለው ተከታታይ ልብ ወለድ ከሦስቱም ይበደራል፤ የተረትን ድፍረት፣ የተአምርን ግርማና የታሪክን ሰነድ በአንድ ላይ ይዞ ይቀርባል። ከሦስቱ ውሎች ግን በአንዱም ላይ አይፈርምም። አንባቢው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በእጁ የያዘው መጽሐፍ በየትኛው ውል እንዲነበብ እንደሚፈልግ እየጠየቀ ነው።

ሌላ ዓለም እና ሌላ አገር

በእንግሊዝኛ የተጻፉትና በዓለም ዙሪያ እጅግ የታወቁት ምናባዊ ተከታታዮች በአመዛኙ ራሱን የቻለ ዓለም ይፈጥራሉ። ጄ.አር.አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ ተረት ባቀረበው ንግግር ይህን «ሁለተኛ ዓለም» ብሎታል። በእርሱ አስተሳሰብ ደራሲው የፈጠረው ዓለም የራሱን ሕግ እስካከበረ ድረስ አንባቢው በውስጡ ሆኖ ያምነዋል። ራሱም እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ያሳተመው ሥራ ቋንቋ፣ ካርታና የዘመን ቆጠራ ያለው ነበር። በዚህ ፈለግ የሚሄዱ አንባቢዎች ክርክራቸው በዚያ ዓለም ውስጣዊ ሕግ ላይ ያተኩራል፤ የተጣሰ ሕግ ካለ መጽሐፉ ይነቀፋል፣ ከሌለ ይወደሳል።

በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ የወጡት «ዴርቶጋዳ» እና ተከታዩ «ራማቶሓራ» በሌላ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ጣና አለ፤ የጣና ገዳማት አሉ፤ በአሜሪካ የጠፈር ሳይንስ የመጠቀ ኢትዮጵያዊ አለ፤ የውጭ አገር የስለላ ድርጅቶችም በስማቸው ተጠርተዋል። አንባቢው የሚገባው በማያውቀው ዓለም ውስጥ ሳይሆን በሚያውቀው አገር ውስጥ ነው፤ የማያውቀው ነገር ያ አገር በሆዱ ሸሽጎታል የተባለውን ዐቅም ነው። ስለሆነም የቶልኪንን ቃል አስተካክሎ «ሁለተኛ አገር» ማለት ይቀላል። ይህ ሁለተኛ አገር በመጀመሪያው ላይ ተሰፍቶ የተቀመጠ ነው፤ የመጽሐፉ ጥንካሬም ድክመትም የሚታየው በስፌቱ ላይ ነው።

የኢንጂነር ሻጊዝ ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህን ገጸ ባሕርይ ብዙ አንባቢዎች በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ከሠሩትና በ1998 ዓ.ም. ካረፉት ሳይንቲስት ከኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ጋር ሲያያይዙት ቆይተዋል። የዝምድናው ልክ ምንም ይሁን ምን፣ ክርክሩ የሚያሳየው ነገር ግልጽ ነው። አንባቢው የፈጠራውን ሰው ለመውደድ እውነተኛ ሰው መደገፊያ እንዲሆነው ፈልጓል። የቶልኪን አንባቢ ለጠንቋዩ ጋንዳልፍ የልደት ምስክር ወረቀት አይፈልግም፤ የ«ዴርቶጋዳ» አንባቢ ግን ለሻጊዝ ይፈልጋል።

የዓለማየሁ ዋሴ መጻሕፍት ስፌቱን ይበልጥ ያጠብቁታል። ደራሲው በሙያቸው የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች ያጠኑ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ናቸው። «እመጓ» በመንዝ የሚገኝ ቦታ ስም ነው። በእነዚህ ሥራዎች መንገዱ፣ ተራራው፣ ደኑና ገዳሙ በተመራማሪ ዓይን ሲሣሉ የቀረው ምሥጢር ከመልክዐ ምድሩ እውነትነት ብድር ያገኛል። መንገዱ ልክ ከሆነ ምሥጢሩም ልክ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት በአንባቢው ላይ ያድራል።

ትዝቬታን ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት የምናባዊ ድርሰት መለያ ማመንታት ነው ብሏል፤ አንባቢው የተፈጸመው ነገር በተፈጥሮ ሕግ ይገለጽ እንደሆነ ወይም ከተፈጥሮ በላይ እንደሆነ መወሰን ሲያቅተው ድርሰቱ ምናባዊ ይሆናል። በቶዶሮቭ አስተሳሰብ ማመንታቱ የሚኖረው በጽሑፉ ውስጥ ሲሆን አንዱ ማብራሪያ ሲመረጥ ያበቃል። በአማርኛው ተከታታይ ግን ማመንታቱ መጽሐፉ ሲዘጋ አያበቃም። ወደ ሻይ ቤት፣ ወደ ተማሪዎች መኖሪያና ወደ ቡና ሥርዐቱ ይወጣል፤ የአንድ ሰው ማመንታት የነበረው የብዙ ሰው ክርክር ይሆናል። ይህ ለቶዶሮቭ ንድፈ ሐሳብ የሚቀርብ ማሻሻያ ሊሆን ይችላል።

የክርክሩና የጥቆማው ይዘት

የተከታታይ ልብ ወለድ ክርክር በየትም ቢሆን ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል፦ ከየት ይጀመር? እስከ መቼ ይጠበቅ? ለማን ይሁን?

የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ጥያቄ ነው። የሲ.ኤስ. ሉዊስን የናርኒያ ሰባት መጻሕፍት የሚወዱ አንባቢዎች መጻሕፍቱ በወጡበት ቅደም ተከተል ይነበቡ ወይስ በታሪኩ የጊዜ ቅደም ተከተል በሚለው ሲከራከሩ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የታተመው ስድስተኛው መጽሐፍ የሚተርከው እ.ኤ.አ. በ1950 ከታተመው ከመጀመሪያው በፊት የሆነውን ነውና። መጽሐፍ በውሰትና በኪራይ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት ከተማ ግን ይህ ጥያቄ ከምርጫ ይልቅ የአቅርቦት ጉዳይ ይሆናል። አንደኛው ቅጽ በሌላ ሰው እጅ ካለ አንባቢ ከሁለተኛው ይጀምራል። ያን ጊዜ ጠቋሚው የጎደለውን ቅጽ በቃሉ ይተርክለታል። ጥቆማው ራሱ ትረካ ይሆናል ማለት ነው፤ ጠቋሚው ያስቀረውና ያገነነው ነገር ለተመራማሪ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው የመጠበቅ ጥያቄ ነው። የጆርጅ አር.አር. ማርቲን አምስተኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣ ወዲህ ስድስተኛውን የሚጠብቁ አንባቢዎች ደራሲ ለአንባቢ ያለበት ዕዳ ምን ያህል ነው ብለው ይከራከራሉ። ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያርፍ ያልጨረሰውን ተከታታይ ብራንደን ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ፈጽሞታል፤ ይህም በሌላ ሰው እጅ የተፈጸመ ድርሰት የማን ነው የሚል ክርክር የሚያስነሣ ነው። በአማርኛ አንባቢ ዘንድም የሚቀጥለውን መጽሐፍ መጠበቅ የንባቡ አካል ነው። ይጠበቅ የነበረው ግን ከገጸ ባሕርያቱ ዕጣ በላይ የምሥጢሩ መገለጥ ነው። እውነት ነው ብሎ ላነበበ ሰው ተከታዩ ቅጽ ማስረጃ ነው፤ ፈጠራ ነው ብሎ ላነበበ ደግሞ የደራሲው ብልሃት መፈተኛ ነው።

ሦስተኛው የ«ለማን ይሁን» ጥያቄ ነው። መጽሐፉን የሚያውስ ሰው ንብረቱን ጭምር ስለሚሰጥ ጥቆማው የእምነት ጉዳይ አለበት። «እውነተኛ ታሪክ ነው» የሚለው የማግባቢያ ቃል ኃይል የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው። ልብ ወለድ ማንበብን ጊዜ ማባከን አድርጎ ለሚቆጥር ወዳጅ መጽሐፉ ስለ አገሩ የሚያስተምር ነገር እንዳለው መናገር የንባብን በር ይከፍታል። ቃሉ እንግዲህ ሁልጊዜ የእምነት መግለጫ ነው ተብሎ መወሰድ የለበትም፤ የማሳመኛ ስልት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ተመራማሪ ሁለቱን ሳይለይ «አንባቢዎች ፈጠራውን እውነት አድርገው ወስደዋል» ቢል ይሳሳታል።

በክርክሩ ውስጥ ሦስት አቋሞችን መለየት ይቻላል። አንደኛው «ሆኗል፣ ተደብቋል» ይላል። ሁለተኛው «ፈጠራ ነው፣ በፈጠራነቱ ይመዘን» ይላል። ሦስተኛው «ባይሆንም ቢሆን ይገባ ነበር» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ማስረጃ የሚነጋገሩ ሲሆን ሦስተኛው ስለ ምኞት ነው። የእነዚህ መጻሕፍት ተወዳጅነት በተሻለ ሁኔታ የሚገለጸው በሦስተኛው ነው። ድርሰቶቹ ድኅነትና ስደት የሚነገርለትን አገር ዕውቀትና ኃይል ደብቆ የያዘ አድርገው ያሳያሉ፤ አንባቢው የሚወደው ይህን ምስል ነው። መጽሐፉን ለሌላ ሲያስተላልፍም የሚያስተላልፈው ምኞቱን ነው።

ስፌቱ ከወልዲያና ከሀብሩ ሲታይ

ላስታ በሰሜን ወሎ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለወልዲያ አንባቢ የመጽሐፍ ምሥጢር ብቻ አይደሉም፤ ዘመድ የሚጠየቅበት፣ ለገና የሚኬድበት ጎረቤት ናቸው። መላእክት በሌሊት እያገዙ እንደታነጹ የሚናገረውን ትውፊት ያውቃል፤ ድንጋዩ በመሣሪያ ተጠርቦ የወጣ መሆኑንም በዓይኑ ያያል። ሁለቱን ዕውቀቶች አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ይዞ መኖር የለመደ አንባቢ ነው። ልብ ወለድ በላስታ ተራራ ሥር ሚስጥራዊ ዋሻ ቢከፍት ይህ አንባቢ የመንገዱን ርቀት፣ የቦታውን ስምና የአካባቢውን አነጋገር ይመረምራል። ለሩቅ አንባቢ የማይታየው ስፌት ለእርሱ ይታየዋል። የአካባቢ ዕውቀት የሒስ ዕውቀት ይሆናል ማለት ይህ ነው።

በመርሳና በሀብሩ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። በተጠቀሱት ተከታታዮች ውስጥ የአገር ምሥጢር በአመዛኙ የሚቀመጠው በገዳም፣ በብራና መጽሐፍና በመነኩሴ ዘንድ ነው። በሀብሩ ከክርስቲያኑ ጋር ብዙ ሙስሊም ማኅበረሰብ አብሮ ይኖራል፤ በየጁ የሚገኘው ዳናም የታወቀ የእስልምና ትምህርትና የዝያራ ማዕከል ነው። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት የ19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት እንዲህ ያሉ ማዕከላት በትምህርት መስፋፋት የነበራቸውን ድርሻ አሳይቷል። በወሎ የዐረብኛ ጽሑፎች ብቻ ሳይሆኑ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎችም አሉ፤ ይህ የአጻጻፍ ልማድ ዐጀሚ ይባላል።

ዐጀሚ ለምናባዊ ልብ ወለድ ያለው ትርጉም ሊታለፍ አይገባም። የምሥጢር ልብ ወለድ ዋነኛ መሣሪያ ሊፈታ የሚገባው ጽሑፍ ነው። አንዱ ፊደሉን ሲያውቅ ቋንቋውን የማያውቅበት፣ ሌላው ቋንቋውን ሲያውቅ ፊደሉን የማያነብበት ጽሑፍ በወሎ በእውን አለ። አማርኛ ተናጋሪው ክርስቲያን ሲነበብለት ይሰማዋል እንጂ ራሱ ሊያነበው አይችልም፤ ዐረብኛ አንባቢው የውጭ ሰው ፊደሉን ያነበዋል እንጂ አይገባውም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የሚፈታው ጎረቤታሞች አብረው ሲቀመጡ ነው። ይህ ሀብት እያለ የ«ሁለተኛው አገር» ምሥጢር በአንድ ወገን ብቻ ሲቀመጥ የመርሳ አንባቢ «እውነት ነው ወይ?» ከሚለው አልፎ «የማን እውነት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው መጻሕፍቱን ለማጣጣል የሚነሣ አይደለም። የተመኘነው ምሥጢራዊ አገር ሁሉንም ነዋሪዎቹን ይይዝ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ለጥናት የሚሆን አካሄድ

ከዚህ በመነሣት በአካባቢው ለሚካሄድ የመስክ ጥናት አራት ነጥቦችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ አጥኚው የአንባቢን አስተያየት በመጠይቅ ከመሰብሰቡ በፊት ጥቆማው በተፈጥሮ ሲካሄድ ቢያዳምጥ ይመረጣል፤ ሰው «ለምን ወደድከው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስና ለወዳጁ የሚናገረው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ «እውነት ነው» የሚለው ቃል በተነገረ ቁጥር ለማን፣ መቼና ለምን ዓላማ እንደተነገረ መመዝገብ አለበት። ሦስተኛ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን አንባቢዎች፣ የከተማና የገጠር ተማሪዎች ስለ አንድ መጽሐፍ የሚያደርጉት ክርክር በንጽጽር ሊታይ ይገባል። አራተኛ፣ መጽሐፍን በትረካ የሰሙ ሰዎች ከአንባቢዎች እኩል ሊካተቱ ይገባል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ተከራካሪ ሆነዋልና።

ይህን ጥናት ለነገ ማስተላለፍ ዋጋ ያስከፍላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልዲያ ሲደርስ በዩኒቨርሲቲው ላይ ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሷል። የንባብ ታሪክ በመዝገብና በመደርደሪያ ላይ ብቻ ከተመሠረተ መዝገቡና መደርደሪያው ሲጠፉ አብሮ ይጠፋል። ማን ምን እንዳነበበ፣ ከማን እንደተዋሰና ለምን እንደወደደው የሚያውቀው የአንባቢው ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ በጊዜው ካልተመዘገበ ይደበዝዛል።

ማጠቃለያ

«እውነት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በሁለት መንገድ ተሳስቶ ሊታይ ይችላል። ምሁሩ ጥያቄውን የዋህነት ብሎ ሲያልፈው የአማርኛ አንባቢ የራሱን የሒስ መስፈርት እንደሠራ ሳያስተውል ይቀራል። አንባቢው ደግሞ ለጥያቄው ቸኩሎ «አዎ» የሚል መልስ ሲሰጥ ልብ ወለድን ለታሪክ ክርክር ሰነድ አድርጎ ያቀርባል፤ ታሪክ በሚያከራክርበት ዘመን ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። ከሁለቱም የሚጠብቀው ጥያቄውን ጥያቄ አድርጎ ማቆየት ነው። በክፍል ውስጥ «ዴርቶጋዳ»ን ወይም «እመጓ»ን የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹ ስፌቱን እንዲያሳዩት ቢጠይቃቸው፣ ማለትም የታወቀው አገር የት ላይ እንዳበቃና የተፈጠረው የት ላይ እንደጀመረ በገጽ እንዲያመለክቱ ቢያደርግ፣ የሥነ ጽሑፍንም የታሪክንም ትምህርት በአንድ ጊዜ ይሰጣል። የወልዲያ፣ የመርሳና የሀብሩ ተማሪ ለዚህ ሥራ ከሩቅ የሚያመጣው ነገር የለም፤ ተራራውንም፣ ገዳሙንም፣ ዝያራውንም ያውቃቸዋል።